ዜሮ ኮከብ፦ የ«ኖርዝ» ፊልም ውድቀትና ከውድቀቱ የተረፉት ሰዎች

ሰው በኪስ ቦርሳው የልጁን ፎቶ፣ መታወቂያውን፣ ምናልባት ለክፉ ቀን የታጠፈች አንድ መቶ ብር ይይዛል። አለን ዝዋይቤል የሚባለው አሜሪካዊ የኮሜዲ ጸሐፊ ግን ለዓመታት ይዞት የዞረው ከጋዜጣ የተቆረጠ የፊልም ሂስ ነው። የሚያወድሰው ሂስ እንዳይመስላችሁ። እሱ በጻፈው ልቦለድ ላይ የተመሠረተውን፣ ስክሪፕቱንም በጋራ የጻፈውን ፊልም አፈር ድሜ የሚያበላ ሂስ ነው። መድረክ ላይ ሲጋበዝ ያወጣና ያነበዋል። ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ዝዋይቤል የሚያወራው ሌላም ታሪክ አለ። ፊልሙ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንን ሂስ የጻፈውን ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ያገኘዋል። ሁለቱ ብቻ ናቸው። ምን ይበለው? «የለበስከውን ሹራብ ጠላሁት፣ ጠላሁት፣ ጠላሁት» አለው። ነገሩ የገባው ሰው ለምን እንዲህ እንዳለ ያውቃል፤ ላልገባው ግን ከመጀመሪያው እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ «ኖርዝ» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 1994 ነው። በእኛ ብንቆጥረው ሐምሌ 15 ቀን 1986 መሆኑ ነው። የቤተሰብ ኮሜዲ ነው፤ ማለትም ልጅ ከእናት ከአባቱ ጋር ሄዶ እንዲያየው የተሠራ። ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ያስገባው ከ7 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ገንዘብ ነው። ከዚያችም ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በቃ፣ ተቀበረ ማለት ነው።

ከስሮ የቀረ ፊልም ብርቅ አይደለም፤ በየዓመቱ በርካታ ይከስራል። ይሄኛው ታሪክ የሆነው ማን እንደሠራውና ማን እንደሰደበው ሲታይ ነው።

የማይሳሳተው ሰው

ዳይሬክተሩ ሮብ ሬይነር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራቸውን ፊልሞች ደርድሩና እዩ። በ1984 «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ»፣ በ1986 «ስታንድ ባይ ሚ»፣ በ1987 «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»፣ በ1989 «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ»፣ በ1990 «ሚዘሪ»፣ በ1992 «ኤ ፊው ጉድ ሜን»። ኮሜዲ አለ፣ የልጅነት ትዝታ አለ፣ ተረት አለ፣ ፍቅር አለ፣ ሰው የሚያስበረግግ አለ፣ የፍርድ ቤት ድራማ አለ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዘውግ በስምንት ዓመት ውስጥ እየቀያየረ፣ በአንዱም ሳይዋረድ ሲያልፍ፣ አምራቾች የሚያመጣውን ወረቀት ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢፈርሙለት አይገርምም። ደግሞም ሬይነር ፈቃድ ለማኝ አልነበረም። ፊልሙን ያመረተውን ካስል ሮክን በ1987 ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ራሱ ነው።

ተዋንያኑም ቢሆኑ ተራ ሰዎች አልነበሩም። ኖርዝ የሚባለውን ልጅ የሚጫወተው ኢላይጃ ውድ ነው፤ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከሰባት ዓመት በኋላ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ላይ ፍሮዶ ሆኖ ዓለም ያወቀው። ብሩስ ዊሊስ አለ። ዳን አክሮይድ፣ ካቲ ቤትስ፣ አለን አርኪን፣ ጆን ሎቪትዝ አሉ። የልጁ እናትና አባት የሆኑት ጁሊያ ሉዊስ ድሬይፈስና ጄሰን አሌክሳንደር በዚያን ጊዜ «ሳይንፌልድ» በሚባለው ተከታታይ ኮሜዲ በየሳምንቱ አሜሪካን የሚያስቁ ሰዎች ነበሩ። በአንድ ጥግ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ የታየች አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ ስካርሌት ጆሃንሰን ትባላለች።

እንግዲህ ገንዘብ አለ፣ ስም አለ፣ ልምድ አለ። ታዲያ ምን ነካቸው?

ወላጅ የሚያማርጥ ልጅ

የታሪኩ መነሻ ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጥፎ አይደለም። ኖርዝ ጎበዝ ልጅ ነው። በትምህርቱ አንደኛ፣ በስፖርቱ አንደኛ፤ የሰፈሩ ወላጆች ሁሉ «እንደ ኖርዝ በሆንክ» እያሉ ልጆቻቸውን የሚያስመርሩበት ዓይነት ልጅ። እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ምናልባትም በእሱ ምክንያት ተቆንጥጣችሁ ይሆናል። የራሱ እናትና አባት ግን እርስ በርስ ሲጨቃጨቁ ልብ አይሉትም። ልጁ ይመረውና ኮንትራቱን እንደጨረሰ ኳስ ተጫዋች «በነጻ ዝውውር ወደ ሌላ ወላጅ ልሂድ» ብሎ ፍርድ ቤት ይቆማል። ዳኛውም የጊዜ ገደብ ይሰጡታል፤ እስከዚያ ቀን አዲስ ወላጅ አግኝ፣ ወይም ወደ ቤትህ ተመለስ፣ አለዚያ ማሳደጊያ ትገባለህ ይሉታል። ልጁም ዓለምን እየዞረ ወላጅ ማማረጥ ይጀምራል።

ይህን በአንድ አንቀጽ ስታነቡት ፈገግ ያሰኛል፣ አይደል? የዝዋይቤል ልቦለድ በ1984 ሲታተም ሐሳቡ የነበረው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ግማሹን ሥራ የሚሠራው በአንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ነው። «ቴክሳስ ሄደ፤ እዚያ ሁሉም ነገር ትልቅ ነው» የሚል ቀልድ ሲነበብ እንደ ካርቱን ያልፋል። ካሜራ ፊት ሲቆም ግን ሥጋና ደም ያለው ሰው ሊያደርገው ነው። የቴክሳሶቹ ባልና ሚስት ልጁን እንደ በሬ ሊያደልቡት ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም የራሳቸው ልጅ ከብት ረግጦት ሞቶባቸዋል። ልብ በሉ፤ የሞተ ልጅ የቀልድ መሸጋገሪያ ሆኖ ነው የቀረበው፣ ያውም በዘፈንና በጭፈራ። ሃዋይ ሲሄድ ደግሞ አገረ ገዢውና ባለቤቱ ልጅ የላቸውም፤ መካንነታቸው ይቀለድበታል፤ ኋላም የልጁን እርቃን መቀመጫ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፉት ያስባሉ። አላስካ ሲደርስ አዲሶቹ «ወላጆቹ» ያረጁትን አያት በበረዶ ቁራጭ ላይ አስቀምጠው ወደ ባሕር ይሸኛሉ። የአላስካዋን እናት የምትጫወተው ካቲ ቤትስ ናት፤ በሬይነር «ሚዘሪ» ኦስካር ያገኘችው ነጭ አሜሪካዊት።

ልጁ አፍሪካም ለአፍታ ብቅ ይላል፤ ቻይናም፣ ፈረንሳይም። ለእያንዳንዳቸው የተሰጠው ጊዜ አንዲት ቀልድ ጣል አድርጎ የሚያልፍበት ያህል ነው። እኛ አፍሪካ እንደ አንድ መንደር ስትሳል ማየት የለመድን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ብዙም አያስደነግጠንም። ግን እስቲ የፊልሙን ስሌት ተመልከቱ። ልጁ የሄደበት ሕዝብ ሁሉ አንድ ጠባይ ብቻ ነው ያለው፤ ልጁም ያንን ጠባይ ያያል፣ አልወደውም ይላል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የምርጫው ጉዞ ምርጫ የለውም። የትኛውም ቤት ውስጥ ሰው ስለሌለ፣ ልጁ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ደቂቃ ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ግድፈት ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ሕልም ሆኖ ያርፋል። ሕፃናት በዓለም ዙሪያ በወላጆቻቸው ላይ ሲያምፁ፣ ነፍሰ ገዳይ ልጁን ሲያሳድድ ቆይቶ፣ ልጁ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ይነቃል። ተረት የሚሰማ ሕፃን እንኳ «ነቃና ሕልም ሆነ» ሲባል ይናደዳል።

የቤተሰብ ኮሜዲ ከውጪ ሲታይ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅንና የአርባ ዓመት አባትን በአንድ ወንበር ረድፍ አስቀምጦ ሁለቱንም ማሳቅ ከባድ ነው። «ኖርዝ» ለአባትየው ምጸት፣ ለልጁ ተረት ሊሰጥ አስቦ ነበር። ምጸቱ ልጁን አስፈራው፤ ተረቱ አባትየውን አሰለቸው። በዚያ ላይ ወቅቱ ክፉ ነበር። በዚያው በጋ «ዘ ላየን ኪንግ» ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር፤ «ፎረስት ጋምፕ» ነበር፤ «ትሩ ላይስ» ነበር። ቤተሰብ ለምን ብሎ «ኖርዝ»ን ይመርጣል?

ያ ሂስ

ሮጀር ኢበርት የቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ ሃያሲ ነበር። በ1975 በፊልም ሂስ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ከቺካጎ ትሪቢዩኑ ጂን ሲስከል ጋር ሆኖ የሚያቀርበው የቴሌቪዥን ዝግጅት ደግሞ አውራ ጣትን የአሜሪካ ፊልም ዳኛ አድርጎት ነበር። የሁለቱም ጣት ወደ ላይ ከሆነ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ዝም ይባላል።

ኢበርት ለ«ኖርዝ» የሰጠው ኮከብ ዜሮ ነው። ግማሽ እንኳ የለም። ሂሱ ሲያበቃም ጨዋ ቋንቋውን ጥሎ «ጠላሁት» የሚለውን ቃል እየደጋገመ፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳያስገባ ይወርድበታል። በጋዜጣ የሚጽፍ አዋቂ ሰው እንደ ተቆጣ ሕፃን እግሩን ሲያፈራግጥ የምናይ ያህል ነው። እንዲያ ሆኖ ግን ቁጣው ምክንያት ነበረው። ዋናው ክሱ ቀልዱ አያስቅም የሚል ብቻ አይደለም። ፊልሙ ተመልካቹ በዚህ ይደሰታል ብሎ በማሰቡ ተመልካቹን ሰድቧል ነው ያለው።

በዓመቱ መጨረሻ ሲስከልም ኢበርትም የ1994 እጅግ መጥፎ ፊልም ብለው የመረጡት «ኖርዝ»ን ነው። ሁለቱ በየሳምንቱ ካሜራ ፊት እየተጨቃጨቁ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ግን ተስማሙ። የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች «የሚሸልመው» ራዚም «ኖርዝ»ን በስድስት ዘርፍ አጨው፤ ከታጩት መካከል ሬይነር፣ ዊሊስና ካቲ ቤትስ ይገኙበታል። የሚገርመው ፊልሙ አንዱንም አላሸነፈም። የዓመቱ መጥፎ ፊልም የተባለው «ከለር ኦፍ ናይት» ሆነ፤ ዋና ተዋናዩም ያው ብሩስ ዊሊስ። በመጥፎነት ውድድር እንኳ ሁለተኛ መውጣት እንዲህ ነው!

የኢበርት ሂስ ከፊልሙ በላይ ዕድሜ አገኘ። በ2000 የጠላቸውን ፊልሞች ሂስ ሰብስቦ መጽሐፍ ሲያሳትም ርዕሱን ከዚያች «ጠላሁት፣ ጠላሁት» ከምትለው አረፍተ ነገር ነው የወሰደው። ዛሬ «ኖርዝ»ን ያላየ ሰው ሂሱን ያውቀዋል። እኔ ራሴ ያወቅሁት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ስድቡን አነበብኩ፣ ሳቅሁ፣ ለጓደኞቼ ላክሁ። ፊልሙን ያየሁት ከዚያ ወዲያ ነው። እያየሁም የራሴን ዓይን ፈልጌ አጣሁት፤ የኢበርት ዓይን ቦታውን ይዞታል። ይህን የምናዘዘው አብዛኞቻችን ዛሬ ፊልም የምናየው እንዲህ ስለሆነ ነው። ቲክቶክ ላይ ሲሾፍበት ካየን በኋላ ለመሾፍ ተዘጋጅተን እንቀመጣለን።

ጊዜ ያነሳቸውና ጊዜ የተዋቸው

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መከራከሪያ ይመጣል። «ሃያሲ ምን ያውቃል? ስንቱ የተሰደበ ፊልም ኋላ ተወደደ!» የሚል። እውነት አለው። በ1993 የወጣው የዲዝኒ «ሆከስ ፖከስ» ሌላው የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። ኢበርት አንድ ኮከብ ሰጠው፤ በሲኒማ ቤትም እንደታሰበው አልሄደም። ነገር ግን በየዓመቱ የሃሎዊን ሰሞን በቴሌቪዥን እየታየ ያኔ ሕፃናት የነበሩትን አሳደጋቸው፤ በ2022 ሁለተኛ ክፍል ተሠራለት። የሬይነር የራሱ «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»ም በ1987 ሲወጣ ጥሩ ሂስ ቢያገኝም ገቢው መካከለኛ ነበር። ያነገሠው የቪዲዮ ካሴት ነው። ልጆች ደጋግመው አዩት፣ አድገው ለልጆቻቸው አሳዩት።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን እዚያው ቤት የተፈጠረው ነው። «ኖርዝ» በወደቀ በሁለት ወሩ ካስል ሮክ ሌላ ፊልም አወጣ። 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ወደ 16 ሚሊዮን ብቻ አስገባ። እሱም ከሰረ ተባለ። ስሙ «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ፍራንክ ዳራቦንት ነው። ሬይነር ስክሪፕቱን ሲያነብ እጅግ ወድዶት፣ ራሱ ዳይሬክት ሊያደርገው ፈልጎ ለዳራቦንት 2.5 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለት ነበር። ዳራቦንት ገንዘቡን ትቶ ፊልሙን ራሱ ሠራው። ሾሻንክ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም፤ ኋላ ግን በካሴትና በቴሌቪዥን የስንቱ ሰው የልብ ፊልም ሆነ።

ሁለቱም የአንድ ኩባንያ፣ ሁለቱም የአንድ ዓመት፣ ሁለቱም ከሳሪ። አንዱን ጊዜ አነሳው፣ ሌላውን ተወው። «ኖርዝ»ም ካሴት ነበረው፤ በቴሌቪዥንም ሊታይ ይችል ነበር። ዕድል አልተነፈገም፤ የሚመለስለት ሰው ነው ያጣው። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ይሄ ነው፦ «ሆከስ ፖከስ» ውስጥ ስንት ጉድለት ቢኖርም ሦስቱ ጠንቋይ እህትማማቾች ራሳቸው ይስቃሉ፣ ይዝናናሉ፤ ልጅ አብሯቸው መሆን ይወዳል። «ኖርዝ» ውስጥ ግን አብራችሁት ልትቆዩ የምትፈልጉት ቤት የለም። ልጁ ሁሉንም ወላጅ ትቶ ሲሄድ እኛም አብረነው ትተን ወጣን።

ስለዚህ ገንዘብ አለማምጣቱ ፊልሙ መጥፎ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። «ኋላ ይገባቸዋል» የሚለው መጽናኛም ለሁሉም አይሠራም። አንዳንዱ ሥራ በቃ አልተሳካም። ጥያቄው ያልተሳካለት ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይኑር ነው።

ዜሮ የሰጠው ሰው ዜሮ

ኢበርት ራሱ ፊልም ጽፎ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። በ1970 ለዳይሬክተር ረስ ሜየር «ቢዮንድ ዘ ቫሊ ኦፍ ዘ ዶልስ» የሚባል ስክሪፕት ጻፈ። (ከወላጅ ጋር የሚታይ ፊልም አይደለም፤ አደራ!) ገንዘብ አስገባ፤ ሃያስያን ግን አብጠለጠሉት። ቺካጎ ትሪቢዩን ላይ የጻፈው ሃያሲ ዜሮ ኮከብ ሰጠው። ያ ሃያሲ ማን ነበር? ጂን ሲስከል! ከዓመታት በኋላ ኢበርት ከዚያው ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሲስከል በ1999 እስኪሞት ድረስ አብሮት ሠራ። ዜሮ መቀበል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ የ«ኖርዝ» ሂስ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያልፈው አንድ ነገር ያለው። ያ ሁሉ «ጠላሁት» እየተጠቀሰ የማይጠቀሰው ክፍል። ኢበርት እዚያው ጽሑፍ ላይ ፊልሙ መጥፎ ቢሆንም የሠራው ሰው ግን መጥፎ የፊልም ሰው እንዳልሆነ፣ ይህ የአንድ ጊዜ መሳት እንደሆነ፣ ሬይነርም ከዚህ እንደሚያገግም ጽፏል፤ እንዲያውም ከኔ ቀድሞ ሳያገግም አይቀርም ብሎ ቀልዷል። ሥራውን ሰባብሮ ሰውየውን አቆመው። እኛ በየኮሜንቱ ሥር አንድ የአማርኛ ፊልም ሳይጥመን ሲቀር የምንጽፈውን አስቡት፦ «ይሄን ብሎ ዳይሬክተር!»፣ «ሥራ ቀይር»፣ «ከየት ነው የመጣችው ደግሞ?» ፊልሙን አንነካውም፤ ሰውየውን እንጂ። ኢበርት ያን ቀን ከእኛ በላይ ጮኸ፤ ግን ያዘነበው ፊልሙ ላይ ነው።

የተሰደቡትም አልሞቱም። በ2000 የሬይነር ወዳጆች ሊያሾፉበት በተሰበሰቡበት ምሽት ያንን ሂስ ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያነብ ተገፋፋ፤ በጥሞና ከተነበበ ያን ያህል መጥፎ ሂስ አይደለም ብሎ ቀለደ። ዝዋይቤል መጻፉን ቀጠለ፤ በ2006 በሌላ ልቦለዱ ለቀልድ ጽሑፍ የሚሰጠውን የተርበር ሽልማት አገኘ። ቁራጯን ጋዜጣ ግን አልጣላትም። ኢላይጃ ውድ የት እንደደረሰ ነግሬያችኋለሁ።

ሬይነርስ? በኅዳር 1995 «ዘ አሜሪካን ፕሬዚደንት» የሚባል የፍቅር ኮሜዲ ይዞ መጣ። ከ«ኖርዝ» 16 ወር በኋላ መሆኑ ነው። ሮጀር ኢበርት እንደ ልማዱ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ አየው፤ ወጥቶም ሂሱን ጻፈ። ከአራት አራት ኮከብ ሰጠው።